ከሮግስቬድ የሚነሳው አውቶቡስ

ልጄ ስድስተኛ ክፍልን እስክትጨርስ ድረስ የተማረችው ከከተማው ዳር ባለው ሰፈራችን በሮግስቬድ፣ ከቤታችን ጀርባ፣ ጥዶቹን አልፎ ባለው ትምህርት ቤት ነበር። ወጥ እየሠራሁ በኩሽናው መስኮት የዕረፍት ሰዓት ጫጫታቸው ይሰማኝ ነበር። የሶማሌ፣ የኤርትራ፣ የኩርድ፣ የሶርያ ልጆች ነበሩ። ወላጆቹ ስዊድን ውስጥ የተወለዱ ልጅ በክፍሏ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም። ስዊድንኛን እርስ በርሳቸው ነበር የሚማማሩት። እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ የላቦራቶሪ ሙያዬን ይዤ መጥቼ፣ ቋንቋውን ከባዶ ጀምሬ፣ ሆስፒታል እስክቀጠር ድረስ አፌ ሲኮላተፍ ሰው እንዴት እንደሚያየኝ ስለማውቅ፣ የልጄ አነጋገር የሰፈራችንን ቃና ሲይዝ በሰማሁ ቁጥር አርማት ነበር። ባለቤቴ በዚህ ይስቅብኝ ነበር። ልጅቷ ካንቺ በተሻለ ትናገራለች፣ ምን አስጨነቀሽ ይለኛል።

በዚያው ዓመት የጸደይ ወራት ላይ ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር፣ አንድ ውሳኔ ማሳለፉን ሰማን። የትምህርት ቤታችን የላይኛዎቹ ክፍሎች፣ ከሰባተኛ እስከ ዘጠነኛ ያሉት፣ ይዘጋሉ። ልጆቹ በአውቶቡስ መሃል ከተማ ሶደርማልም ወደሚገኝ ትልቅ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ቱነልባናው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ሳይቀየር በቀጥታ ሶደርማልም ያደርሳል፤ ግን ልጆቹ አንድ ላይ ሆነው በሰዓቱ እንዲደርሱ የራሳቸው አውቶቡስ ይመደብላቸዋል ተባለ። ምክንያቱ ምንድን ነው ለሚል፣ ልጆች ተቀላቅለው ይማሩ የሚል ነው መልሱ። እዚህ አገር ስለ ቆዳ ቀለም በአደባባይ አይወራም፤ “የውጭ አገር መሠረት ያላቸው” ነው የሚባለው። ሁላችንም ግን ስለ ምን እንደሚወራ እናውቅ ነበር።

ነገሩን ለማስረዳት ወላጆችን በስፖርት አዳራሹ ሰበሰቡን። ከኮሙኑ አንድ ኃላፊ መጥቷል፤ የሶደርማልሙ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርም ነበሩ። ኃላፊው ግድግዳው ላይ ሥዕል እያሳየ ሲያብራራ ሰው ያጉረመርማል። እኛ ሰፈር የሚኖሩ አንድ አዛውንት ነበሩ፤ በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው፣ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስዊድንኛቸው ትንሽ ስለሆነ እኔ ጎናቸው ተቀምጬ አስተረጉምላቸው ነበር። እጃቸውን አወጡና ተነሡ።

“መቀላቀል ጥሩ ከሆነ” አሉ በአማርኛ፣ “ከዚያ ወደዚህ የሚመጣው አውቶቡስ የታለ?”

ተረጎምኩላቸው። ኃላፊው በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው ብሎ ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈ።

ያኔ ነው አንዲት ስዊድናዊት የተነሣችው። ከሶደርማልሙ ትምህርት ቤት የወላጆች ማኅበር ተወክላ የመጣች፣ ረጅም፣ ፀጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች ሴት ናት። ከኃላፊዎቹ ጋር አልተቀመጠችም፤ ከመጀመሪያው ከእኛ መሃል ነበረች። ሥዕልም ወረቀትም አልያዘችም።

“የኔም ልጅ ዘንድሮ መኸር ላይ ሰባተኛ ትገባለች” አለች። “የምትማረው ከናንተ ልጆች ጋር ነው። እኛ ዘንድ ያሉት ልጆች ከተማቸውን ግማሹን አያውቁትም፤ ይሄ ለኛም ያስፈልገናል። ልጄ እየጠበቀቻቸው ነው።”

እኔን ያሳመነኝ የኮሙኑ ሥዕል ሳይሆን ይህ ነው። እናት ስለ ራሷ ልጅ ስትናገር ትዋሻለች ብዬ አላሰብኩም። ተነሥቼ ልጄን እንደምልክ ተናገርኩ፤ ለሚያመነቱትም፣ ለአበሾቹ በአማርኛ፣ ለሌሎቹ በስዊድንኛ፣ ዕድሉ እንዳያመልጠን አልኩ። ስብሰባው ሲያልቅ እሷ ሰውን ጥሳ መጥታ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። ጋሼን ወደ ቤት ሸኘኋቸው። በራቸው ላይ ስንደርስ ቆም አሉና፣ “እንግዲህ አንቺ ካመንሽበት የኔዋም ትሂድ” አሉኝ።

አውቶቡሱ ለሽርሽር የሚከራይ ነበር። ጎኑ ላይ የባሕር ዳርቻና የዘንባባ ዛፍ ተሥሎበታል። ነሐሴ ላይ ሲጀመር ያስቅ ነበር፤ ክረምቱ ሲገባና ጠዋቱ እንደ ሌሊት ሲጨልም ግን፣ ካፖርታቸውን እስከ አፍንጫቸው የቆለፉ ልጆች በረዶ ረግጠው ወደዚያ የዘንባባ ሥዕል ሲገቡ ማየት ግራ ያጋባል። ልጄ መጀመሪያ ሰሞን ፈርታ ነበር፤ እየጠበቋችሁ ነው እያልኩ አደፋፍራት ነበር። የሶደርማልም ልጆች ዕረፍት ላይ ካፌ ገብተው እንደ ትልቅ ሰው ቡና እንደሚያዙ፣ ደረጃው ከድንጋይ እንደሆነ፣ ከሮግስቬድ የሄዱትን “ቡስባርነን” እንደሚሏቸው ነገረችኝ። የአውቶቡስ ልጆች ማለት ነው። ስድብ ነው ወይ ብዬ ስጠይቃት እኔ እንጃ አለችኝ።

ከዚያ ግን ስብሰባው ላይ የተናገረችዋን እናት ልጅ አገኘች። የሳይንስ ሥራ ላይ አንድ ቡድን መደቧቸው፤ ሁለቱም ዋና ይወዱ ነበርና ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው መዋኘት ጀመሩ። ስማቸው ሳይነጣጠል የሚጠራ ሆነ። በዚህ ምክንያት እኔም ከእናቷ ጋር ተቀራረብኩ። የሚኖሩት አሮጌ ሕንፃ ላይ ነው፤ ሊፍቱ በእጅ የሚከፈት የብረት በር አለው። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ፤ እንደ ሌሎቹ ለይስሙላ አይደለም፤ ደም ውስጥ ምን እንደምንፈልግ፣ ማሽኑ ሲሳሳት በምን እንደማውቅ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። በዚህ አገር ያን ያህል ጊዜ ኖሬ ከሥራ ባልደረቦቼ ውጭ ቤቷ የጠራችኝ የመጀመሪያዋ ስዊድናዊት እሷ ናት። እሷም እኛ ቤት መጣች። በጾም ስለነበር ሽሮና ጎመን ነው ያቀረብኩት፤ በእጇ እየበላች ባለቤቴን በጥያቄ አስጨነቀችው። ከሄደች በኋላ ባለቤቴ፣ ደግ ሴት ናት አለኝ። እሱ እንዲህ በቀላሉ ሰው የሚያመሰግን አይደለም።

ኮሙኑ የጠራው የሰፈር ጋዜጣ መጥቶ ሁለቱን ልጆች ትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ እንደተቃቀፉ ፎቶ አነሣቸው። ፎቶውን ፍሪጃችን ላይ ለጠፍኩት።

ነገሩ ሁሉ ያማረ ነበር ማለቴ አይደለም። አውቶቡሱ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ እንዳለቀ ስለሚነሣ የኛ ልጆች ከትምህርት በኋላ ያለውን ቲያትርና ሙዚቃ አያገኙም። ዓመቱ ሳያልቅ ደግሞ አንዳንድ የሶደርማልም ወላጆች ልጆቻቸውን እያወጡ በኮሙኑ ገንዘብ የሚተዳደሩ የግል ትምህርት ቤቶች፣ ፍሪስኩላ የሚባሉት ውስጥ ማስገባት ጀመሩ። በዚህ ከኔ ይልቅ የምትቆጣው የልጅቷ እናት ነበረች። ስልክ ትደውልልኝና ማን ማን ልጁን እንዳወጣ ትነግረኛለች። ያሳፍራል ትላለች፤ በስብሰባ ላይ አጨብጭበው በጓሮ በር ይወጣሉ ትላለች። እኔ አጽናናት ነበር። እውነቴን ነው፤ አይዞሽ የምላት እኔ ነበርኩ።

ሰባተኛ ክፍል አለቀ። በበጋው ዕረፍት ልጆቹ ከሐይቅ ሐይቅ ሲዞሩ ከረሙ፤ ትምህርት ሊከፈት ሰሞን እንኳ የልጄ ጓደኛ እኛ ቤት አድራ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል በተከፈተ ቀን ቀድሜ ቤት ገብቼ ነበር። ልጄ በሩን ከፍታ ገባችና ጫማዋን ሳታወልቅ ቀጥታ መኝታ ቤቷ ገባች። እኛ ቤት እንኳን ልጅ እንግዳም ጫማ አድርጎ አይገባም። ተከትያት ገባሁ። አልጋዋ ላይ ቦርሳዋን እንዳዘለች ተቀምጣለች።

ክፍሉ ግማሹ ባዶ ነበር አለችኝ፣ በስዊድንኛ። ጓደኛዋም የለችም። የታመመች መስሏት ከጎኗ ያለውን ወንበር ስትጠብቅላት ቆየች፤ ሌላ ልጅ ሊቀመጥበት ሲል የተያዘ ነው ብላ ከለከለችው። ልጁ ሳቀባት። “አልነገረችሽም እንዴ? ፍሪስኩላ ገብታለች እኮ” አላት። ዕረፍት ላይ ለጓደኛዋ መልእክት ላከችላት። የመጣላትን መልስ አሳየችኝ፤ እማዬ ለማንም እንዳትነግሪ ብላኝ ነው፣ ይቅርታ፣ ይላል። ከሥሩ የልብ ምልክት አለበት።

መጀመሪያ የተቀበልኩት መስሎኝ ነበር። እራት ሠራሁ፣ ሳህን አጠብኩ። ከዚያ እናትዬዋ ጋር ደወልኩ፤ አላነሣችም። በማግስቱ፣ ቡና እንጠጣና በሰላም እንነጋገር የሚል መልእክት ላከችልኝ።

ቤቷ አጠገብ ያለ ካፌ ተገናኘን። ቀድማኝ ደርሳ ለኔም አዛለች፤ የምወደውን ታውቃለች። ስለ በጋው ልትጀምር ስትል አቋረጥኳት። መቼ እንደወሰኑ ጠየቅኳት። ቦታው የተገኘው በጸደይ ነው አለች። በጸደይ ማለት ያሳፍራል እያለች የምትደውልልኝ ጊዜ ነው።

“ተራ የያዘችውስ መቼ ነው?” አልኳት። ታዋቂዎቹ ፍሪስኩላዎች ለመግባት ረጅም ወረፋ እንዳላቸው አውቅ ነበር።

ስኒዋን አዞረችው። “ከተወለደች ጀምሮ” አለች። “እዚህ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ለጥንቃቄ ነው።”

“ያን ቀን አዳራሻችን ውስጥ ቆመሽ ስትናገሪም ተራ ላይ ነበረች።”

“ነበረች። ግን ያልኩትን አምኜበት ነው የተናገርኩት። አሁንም አምንበታለሁ።”

“ታዲያ ለምን?”

ጓደኞቿ ሁሉ ሄዱ አለችኝ። የሂሳብ መምህሩም ሊለቅ ነው፤ ክፍሉ እየተበተነ ነው። “ብቻዋን ልተዋት አልቻልኩም” አለች።

“ብቻዋን?” አልኳት። “የኔ ልጅ እዚያ ነበረች።”

ፊቷ ከአንገቷ ጀምሮ ቀላ። እንደዚያ ማለቷ እንዳልሆነ፣ ከልጄ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው፣ ቤታቸው ለልጄ ምንጊዜም ክፍት እንደሆነ ተናገረች። ቃላቱ ያምሩ ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የታየኝ፤ ልጄ ቤታቸው ማደር ትችላለች፣ ከልጃቸው ጎን መማር ግን አትችልም።

“ተረጂኝ” አለችኝ በመጨረሻ፣ “ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት።”

“እኔም ያለችኝ አንዲት ናት” አልኳት።

አለቀሰች። በሌላ ጊዜ ቢሆን ሰው ፊቴ ሲያለቅስ አያስችለኝም፤ ቢያንስ እጅ እይዛለሁ። ያን ቀን እጄ አልተንቀሳቀሰም። ካፖርቴን ለብሼ ወጣሁ። እስከ ስካንስቱል ባቡር ጣቢያ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ የተሰማኝ ቁጣ ይሁን እፍረት መለየት አቃተኝ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ነገር ትዝ አለኝ። ጋዜጣው፣ ሽሮው፣ ደም እንዴት እንደሚመረመር መጠየቋ፣ ሁሉም እውነት ሳይሆን አይቀርም። ደግሞም የከፋው እሱ ነው። ሐሰተኛ ሰው ብትሆን ኖሮ ያን ያህል ባልቆጨኝ።

ከዚያ በኋላ ክፍሉ በፍጥነት ተለወጠ። የቀሩት የሶደርማልም ልጆች አንድ በአንድ ወጡ። ሁለት ክፍል የነበረው አንድ ተደረገ፤ ከአውቶቡስ ልጆች ሌላ በጣት የሚቆጠሩ ቀሩ። አንድ ማታ እራት ላይ ባለቤቴ ትምህርት እንዴት ነው ብሎ ሲጠይቃት ልጄ፣ “ከሮግስቬድ ተነሥተን ሮግስቬድ እንወርዳለን” አለችው። ባለቤቴ ሳቀና ወዲያው ሳቁን አቆመ። የበፊቱ ትምህርት ቤታችን ቢያንስ ከመስኮቴ ይሰማ ነበር።

ከሁሉ የከበደኝ የኔና የልጄ ነገር ነው። ከዚያ በፊት በስዊድንኛ ብትመልስልኝም መሃል መሃል የአማርኛ ቃል ጣል ታደርግ ነበር፤ እማዬ ትለኝ ነበር። ያቺም ቃል ቀረች። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ብላ ስንጨቃጨቅ ድምጿን ሳትጨምር በስዊድንኛ፣ “እየጠበቁን ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ” አለችኝ። እኔንም እንዲሁ ብለውኝ ነው ልላት አሰብኩ፤ ግን ያ ለልጅ መልስ አይሆንም። እኔ ከዚያች ሴት አፍ የሰማሁትን ነው የነገርኳት፤ ለልጄ ግን ከዚያች ሴት ሳይሆን ከእናቷ የመጣ ቃል ነው።

ቤተ ክርስቲያን ብቻዬን ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ጋሼን ፈልጌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የልጅ ልጃቸው እንደ ልጄ እዚያው ክፍል ውስጥ ናት። ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር የመጣሁት። እሳቸው ግን ሳልጀምር ገባቸው።

“ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ” አሉኝ። “ጥፋቱ የፈረሱ ነው። አንቺ ምን አጠፋሽ? አንቺም እንደኛው ተሳፋሪ ነሽ እንጂ አልነዳሽም።”

እሺ ጋሼ አልኳቸው። ሌላ ነገር ብናገር እንባዬ ይመጣ ነበር።

ልጆቹ ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ ኮሙኑ አውቶቡሱ እንደሚቀር አስታወቀ። ከሙከራው ብዙ ትምህርት ተወስዷል ተባለ፤ ከእንግዲህ እያንዳንዱ ቤተሰብ የፈለገውን ትምህርት ቤት መምረጥ ይችላል። የቀሩት በቱነልባና ይሂዱ ተባሉ። ለማስረዳት የተጠራ ስብሰባ አልነበረም። አንድ ጠዋት ልጆቹ የዘንባባ ሥዕል ያለበትን አውቶቡስ ሳያዩ ወደ ጣቢያው ወረዱ፤ በቃ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራ ላይ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። ከኮሙኑ ነው የምትደውለው፤ ድምጿ ለስላሳ የሆነ ሴት ናት። በሌላ የከተማው ዳር ሰፈር ተመሳሳይ ነገር ሊጀመር እንደታሰበ ነገረችኝ። አሁን በተሻለ ዝግጅት ነው አለች። በዚያን ጊዜ ስብሰባ ላይ የተናገርኩትን የሚያስታውሱ ሰዎች አሉ፤ መጥቼ ለወላጆቹ ልምዴን ባካፍል፣ እንደ ድልድይ ብሆን ደስ ይላቸዋል።

ከመሃል ከተማው ትምህርት ቤት የሚመጣ ወላጅ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አዎ፣ አንዲት እናት ትመጣለች፣ በጣም ለነገሩ የተቆረቆረች ናት አለችኝ።

“አንድ ነገር ጠይቂልኝ” አልኳት። “ልጇ የሌላ ትምህርት ቤት ተራ ይዛ እንደሆነ። ካልያዘች እመጣለሁ።”

እንደዚህ ያለ የግል ጥያቄ ወላጅን መጠየቅ እንደማይችሉ በትሕትና አስረዳችኝ።

“የኔ ልጅ ግን የግል አልነበረችም” አልኳት። “ጋዜጣ ላይ አውጥታችኋታል።” አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ። ጓንቴን አድርጌ ወደ ማሽኖቹ ተመለስኩ።

ልጄ ዘጠነኛን በጥሩ ውጤት ጨረሰች። ያን ከማንም አልወሰደችውም፤ ወጥታ ወርዳ ያገኘችው የራሷ የድካም ፍሬ ነው። አሁን ጂምናዚየም፣ ከዘጠነኛ በኋላ ያለው ሁለተኛ ደረጃ፣ ገብታለች፤ እንዳጋጣሚ ሆኖ ያቺ የድሮ ጓደኛዋም እዚያው ናት። በመጀመሪያው ሳምንት ልጅቷ ወደ እሷ መጥታ ያኔ መናገር ነበረብኝ አለቻት። ልጄ እሺ አለቻት። ይህን የነገረችኝ ሽንኩርት እየከተፍን ሳለ ነው፣ ድንገት፣ እንደ ተራ ወሬ።

“ታዲያ ታረቃችሁ?” አልኳት።

አንገናኝም፣ ግን አልተጣላንም አለች። “እሷ ያኔ ልጅ ነበረች። እኔ በሷ አልተቆጣሁም።”

“በእናቷስ?”

ቢላዋዋን አስቀምጣ አየችኝ። “እሱ ያንቺ ጉዳይ ነው” አለችኝ፣ አሁንም በስዊድንኛ፤ ክፋት ግን አልነበረበትም።

የኔ ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል። እናትዬዋን አልፎ አልፎ በቱነልባናው አረንጓዴ መስመር ላይ አያታለሁ። አንድ ቀን ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ ፀጉሯ ሸብቷል። ልጅሽ እንዴት ናት አለችኝ። ደህና ናት አልኳት። ሌላ ነገር እንድጨምር የምትጠብቅ ትመስል ነበር፤ ይቅር ብዬሻለሁ የሚል፣ ወይም ቢያንስ የሚመስል ነገር። ሜድቦርያርፕላትሰን ጣቢያ ስንደርስ ተነሥታ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ዞር ብላም እጇን ጥቂት አነሣች። እኔ አንገቴን ብቻ ነቀነቅኩ። በየገናው መልካም ምኞት ትልክልኛለች፤ እስካሁን አልመለስኩላትም።